በክረምት የሞሉት ሦስት ክፍሎች

ሐምሌ ፮ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.፣ ጎንደር

አጎቴ አያ ካሴ «ሴት ቤት አታስተዳድርም» ብሎ፣ አባቴ ያወረሰኝን ሦስት የኪራይ ክፍሎች በርካሽ ሊሸጥብኝ ዛሬ ገዢ ይዞ መጣ። ንግዱ ከአምና ጀምሮ ቀዝቅዞ ተከራይ ስለጠፋ ክፍሎቹን ባዶ የሚያገኛቸው መስሎት ነበር። እኔ ግን ትናንት ሦስት ቤተሰብ በግማሽ ኪራይ አስገብቻለሁ።

«አስወጫቸው!» አለኝ።

«በዚህ ዝናብ፣ አያ? እስቲ እርስዎ ያስወጧቸው፤ አገር ይይዎት።»

ገዢው ሳቁን አፈነ። አጎቴ፣ «ምነው ወንድሜ ባላስተማረሽ!» ብሎ ወጣ።

እስከ መስከረም ማንም ሰው ተከራይን ዝናብ ላይ አይጥልም። ከዚያ በኋላስ? ንግዱ ካልተመለሰ ግማሹንም የሚከፍለኝ የለም። መቀመጥ አቃተኝ። ገበያ ወረድሁ፤ አንድም የነጋዴ ማኪና አልነበረም። ንግድ ሲቀዘቅዝ ቤትም ይረክሳል ብዬ፣ ስመለስ ጎረቤታችን ልትሸጠው ያሰበችውን ቤት ልገዛው ዋጋውን ጠየቅሁ።