በበሩ ጀርባ የሣልሁት ጣና

ውድ ይርጋዬ፣

ለሰው የማላወራውን ለአንተ ላውራህና ልገላገል፦ ከኮትህ ጋር ሳወራ ተያዝሁ። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በቀበሌ ጥበቃ! ሳቅ፣ ግድ የለም።

በታንኳ ወጥተህ ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ጣና ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ጎደለ፤ አንተን ግን አልመለሰም። አስከሬን ስላልተገኘ ኮትህንና ፎቶህን ድንኳን ውስጥ አኑረን ነበር ያለቀስንልህ። እናትህ ኮቱን አቅፈው «ልጄ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም» ያሉት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ከሠልስቱ በኋላ «ለነዳያን ስጪው» ያላለኝ ሰው የለም። እምቢ አልሁ። ለወንበርህ አለበስሁት፤ እዚያው አለ።

ሎሚው አፍርቷል። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ አሁንም ወሬ በማድረስ ራዲዮን ይቀድማሉ። ትልቁ ወሬ ግን የእኔው ነው፦ ፔዳ፣ መምህራን ኮሌጁ፣ ልገባ ነው። ትንንሾቹን ማስተማሬን ትቼ፣ ለሁለተኛ ደረጃ የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርነት ልሠለጥን፤ እንደ አንተ ጂኦግራፊና ታሪክ። የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ። የቀረኝ በፈታኞች ፊት አንድ ትምህርት ማስተማር ነው። ከወደቅሁ በቃ፤ የትምህርት ፈቃድ ያገኘሁት ለዘንድሮ ብቻ ነው። «ርእሱን ራስሽ ምረጪ» ሲሉኝ አፌ ቀደመኝና ጣና አልሁ።

ትዝ ይልሃል፣ ጣናን ሰሌዳ ላይ ስትሥል ጠመኔውን አታነሳም ነበር። ዓባይ ከሚወጣበት ትጀምርና፣ በዘጌ ዞረህ፣ በጎርጎራ አድርገህ፣ ተመልሰህ እዚያው ዓባይ አፍ ላይ ትገጥመዋለህ። «እጅሽ ከቆመ ተማሪው ይጠፋብሻል» ትለኝ ነበር። እኔም ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፈጭቼ የመኝታ ቤቱን በር ጀርባ አጠቆርሁትና ሰሌዳ አደረግሁት። ከሥራ እንደተመለስሁ ወንበርህ ፊት እቆምና ኮትህን አስተምራለሁ። እጠይቀዋለሁ። አንዳንዴም እቆጣዋለሁ።

ታዲያ ከዘጌ ወዲህ፣ ውኃው ላይ፣ ምንም ካልሣልሁበት ቦታ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል እርጥብ ነጥብ ትወጣለች። እጠርጋታለሁ። በማግስቱ እዚያው ናት። የሐይቁ እርጥበት ነው ብዬ ነበር፤ ግን በበጋ? ደግሞስ በአንድ በር፣ በአንዲት ነጥብ?

ይህን ለማንም ሳልናገር፣ እትዬ ጥሩነሽ ድምፄን በአጥር ሰምተው «ባሏ በሌለበት ቤት ከወንድ ጋር ታወራለች» ብለው ለቀቁት። ዘመኑን ታውቀዋለህ። ከውትድርና የሸሸ ጎረምሳ የደበቅሁ መሰላቸው። የቀበሌው ጥበቃ ጋሽ አዱኛ፣ እኒያ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርሃቸው፣ ጠመንጃቸውን አንግተው ከተፍ አሉ። አልጋ ሥር አጎንብሰው አዩ፤ መጋረጃ ገለጡ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪ፣ አንቺ?»

አፍሬ ወደ ኮትህ አመለከትሁ። ይስቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አወለቁና «መምህር፣ ደኅና ዋሉ?» ብለው ለኮቱ እጅ ነሱ። ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ወንበሩን አዩት።  እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ አብሬ ጠበቅሁ።

ለመውጣት ዞር ሲሉ በሩን አዩት። ጣታቸውን ነጥቧ ላይ ቀሰሩ።

«ይህችን ማን ነገረሽ?»

«ምኗን?»

«የመምህርን ታንኳ ባዶዋን ያገኘንባትን ቦታ። ዕድሜ ልክሽን እዚያ ላይ አፍጥጠሽ እንዳትቀሪ ብለን፣ እሳቸውን ፍለጋ የወጣነው ሁሉ ላንቺ ላንናገር ተማምለን ነበር።»

ማንም አልነገረኝም፣ ይርጋዬ። እሳቸውም ገባቸው። ወደ ወንበሩ ዳግም ሳያዩ ወጡ። ቀበሌ ገብተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቤቱ ውስጥ ከመምህሩ በቀር ሰው የለም» አሉ አሉ! እትዬ ጥሩነሽ ከዚያ ወዲህ በደጄ ሲያልፉ ያማትባሉ።

ችግሩ፣ ካወቅሁ በኋላ እጄ ከዳኝ። ዘጌን ስዞር ይቆማል። ጠመኔው ይሰበራል። ፈተናው ነገ ነው፤ የቆመ እጅ ይዤ ምን ላስተምር?

ዛሬ ከሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ሞከርሁ። ዘጌ ላይ እንደ ልማዴ ቆምሁ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ወንበርህ ሲጥ አለ፤ ቤት ገብተህ ስትቀመጥበት እንደሚለው። ዞር አላልሁም። ዞር ብል የምትሄድ መሰለኝ። እጄ ግን ቀጠለ፤ በጎርጎራ አደረገና ዓባይ አፍ ላይ ገጠመ።

ነገ ኮትህን ደርቤ እገባለሁ፤ ቢሰፋኝም ይስፋኝ። ነጥቧ እነሱ ሰሌዳ ላይ ከወጣች አልጠርጋትም። ካልወጣችም እኔው ራሴ በጠመኔ አኖራታለሁ። ነገም፣ ካለፍሁም በኋላ ጣናን በሣልሁበት ክፍል ሁሉ፣ ያቺ ቦታ ያንተ ናት።

ከፈተናው እንደወጣሁ ማንንም ሳላናግር ወደ ሐይቁ ዳርቻ እወርዳለሁ። እጄ ቆሞ እንደሆነ ወይም ገጥሞ እንደሆነ ቀድመህ የምትሰማው አንተ ነህ። እስከዚያው ግን እባክህ፣ ከወንበርህ አትነሳብኝ።

ያንተው ዘነበች