ላብ ስላላበው ግድግዳና ስለ ወይዘሮ ክሌግ መጭመቂያ

ለክቡር አቶ ሃሮልድ ስታንዲሽ፣
የከተማችን ምክር ቤት የቤቶች ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤
ግንቦት 1934 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ ከፋብሪካው ጭስ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ፣ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ አልጠራጠርም።

«ይሄ ግድግዳ እኮ ላብ በላብ ሆኗል!» የጤና ተቆጣጣሪዎ አቶ ፒም፣ ባሏ ከሞተባት ጎረቤቴ ከወይዘሮ ኤዳ ክሌግ ቤት ሲወጡ ለረዳታቸው የተናገሩት ነው። በእኛ በጋርኔት መንገድ በሥራ ብዛት የሚያልበው ሰው ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አቶ ፒም የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ የከተማው ሴት ሁሉ ልብስ የምታጥብበት ቀን መሆኑን የማያውቅ እዚህ አገር ያልተወለደ ብቻ ነው። ወይዘሮ ክሌግ ደግሞ የምትተዳደረው የሰፈሩን አንሶላ በእጅ በሚዞር የብረት መጭመቂያ እየጨመቀች ነው፤ ሰኞ ቤቷ ውስጥ ከእንፋሎቱ የተነሳ የግድግዳው ሰዓት አይታይም። ግድግዳችን የጋራ ስለሆነ፣ የስምንት ዓመት ልጇን የኔሊን ሳል ሳይቀር እንደምሰማው፣ ንግግራቸውንም ሰምቻለሁ።

«ጌታዬ፣ ሐሙስ ቢመለሱ እኮ ደረቅ ነው።»

«እመቤቴ፣ ሐሙስ የምመረምረው ሌላ መንገድ አለብኝ።»

ቤቱ «እርጥብ፣ ለሰው የማይሆን» ተብሎ ተመዘገበ፤ ከሚፈርሱት ቤቶች ዝርዝርም ገባ።

፪ኛ. በካርታዎ ላይ የሚፈርሱትን ቤቶች የሚከብበው ቀይ መስመር ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ ጥግ ያለው መጠጥ ቤት ጋ ሲደርስ በጨዋነት ዞር ይላል። ባለቤቱ የባለቤትዎ ወንድም መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም፤ ምናልባት መሐንዲሱን በዚያች ቅጽበት አስነጥሶት ይሆናል።

፫ኛ. ምክር ቤቱ ወደ ሠራው አዲስ መንደር ስትዛወር፣ ዕቃዋ በታሸገ መኪና ተጭኖ ለትኋን በመርዝ ጢስ ታጠነ፤ መጭመቂያውም ጭምር። ብረት የሚበላ ትኋን ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ሳይንስን አከብራለሁ። አሁን መጭመቂያው በአዲሱ መንደር፣ በአዲሱ ቤቷ ጓሮ፣ ሸራ ለብሶ ቆሟል። የተከራዮች ደንብ አንቀጽ አሥራ አንድ በቤት ውስጥ ማናቸውንም ንግድ ይከለክላልና። የመንደሩ ተቆጣጣሪ እስከ ቅዳሜ ቀን ሰጥቷታል፦ «ወይ እሱ ይወጣል ወይ አንቺ።»

«እሱ ከወጣ እኔ ምን ልብላ? ሳርህን?» አለችው።

ሳሩ የምክር ቤቱ ንብረት መሆኑን ነገራት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በመጭመቂያው ምክንያት ቤቷን ወሰዳችሁ፤ በቤቱ ምክንያት ደግሞ መጭመቂያዋን ልትወስዱ ነው። ይህን ያህል የተስተካከለ ሥራ በአጋጣሚ እንዳልተሠራ ስለምገምት አድናቆቴ ወደር የለውም። ልመናዬ አጭር ነው፦ ከቅዳሜ በፊት ፈቃድ በጽሑፍ ይስጧት፤ ካልሆነም ወደ ቀድሞ ቤቷ፣ ወደ ቁጥር ሰባት ይመልሷት። ቤቱ እስካሁን አልፈረሰም፤ ምንም ጉድለት እንደሌለበት እኔ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የካርታዎን መስመሮች በአጉሊ መነጽር የማደንቅ፣ ከኮረብታዎ ግርጌ የምኖር ታዛዥዎ፣

ኢኖክ ሆልሮይድ
ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት አራሚ
ጋርኔት መንገድ፣ ቁጥር 9

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመጠጥ ቤቱ ግድግዳም በጣም ያልበዋል፤ ያየሁት ሐሙስ ነው። እሑድ ደግሞ ተጨማሪ ቅሬታ ለመሰብሰብ ወደ ወይዘሮ ክሌግ አዲስ ቤት ሄጄ፣ ማስታወሻዬን ይዤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማዕድ ቤቷ ውስጥ ተቀመጥኩ። ኔሊ አጠገባችን ስትጫወት ነበር። አንድ ጊዜም አላሳለችም።