መጽሐፉን ሳልገልጥ በመመለሴ ስለተሰጠኝ ዜሮ

ለተከበራችሁ የሥራ ምዘና ኮሚቴ አባላት፣ በተለይም ለሰብሳቢው ለክቡር አቶ ገበያው፤
ወረታ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ክረምቱ እንደምን አለፈላችሁ እላለሁ። እኔ እግሬ ከጭቃ አለመውጣቱ ካልሆነ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የእናንተም ጤና ተጠብቆ ወንበራችሁ እንደተደላደለ እንዲሰነብት ምኞቴ ነው።

እኔ ሉሊት አበረ እባላለሁ፤ በቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ስምንት ዓመት የገበሬ ድንበር ስለካና ክርክር ስዳኝ የኖርኩ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። በቅርቡ ባወጣችሁት ውጤት «ሥራው የሚጠይቀው ሕግ የመተርጎም መጠን» በሚለው መስፈርት ዜሮ ሰጥታችሁኛል። ወረታ ተቀምጦ ፋይል የሚደረድረው አቶ ይርዳው ግን ሙሉ ነጥብ አግኝቶ፣ ከጥቅምት አንድ ቀን ጀምሮ የቀበሌያችንን የድንበር ክርክር እሱ እንዲወስን፣ እኔ ደግሞ ሜትር ይዤ እንድከተለው ተደርጓል። ስለዚህ ታላቅ ውለታ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ሚያዝያ መጥታችሁ ስትጠይቁኝ ሁሉንም በቃሌ መለስኩላችሁ። ጥፋቴ ይኸው ነው። የመሪጌታ ልጅ ነኝና በቤታችን አባቴ ሲጠይቅ ወደ መጽሐፍ መመልከት ነውር ነበር፤ ያወቀ በቃሉ ይላል፣ ያላወቀ ገጽ ይገልጣል። እኔም በዚሁ ልማድ መመሪያውን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ብመልስላችሁ «ሠራተኛዋ ሕግ ስትመለከት አልታየችም» ብላችሁ መዘገባችሁ። አቶ ይርዳው ጣቱን በምራቁ እያራሰ ለአንድ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ገጽ ሲያገላብጥ ግን «በጥልቀት ይመረምራል» ተባለለት። ጥልቀቱን ላስተዋለው ዓይናችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

፪. ሚያዝያ ለጉብኝት እጅግ የተመቸ ወር ነው። ሜዳው ደረቅ ነው፣ የድንበሩ ድንጋይ ከሩቅ ይታያል፣ ጫማም አይበላሽም። መስከረም ላይ ሜዳውን የዋጠው የክረምት ጎርፍ ሲሸሽ ብትመጡ ኖሮ ድንጋዩን ደለል ውጦት፣ ወንዙ አምና ከነበረበት ሃያ እርምጃ ፈቀቅ ብሎ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ዱላ ይዘው ቆመው ታገኙ ነበር። መመሪያው ወንዙን ድንበር ሲያደርግ ወንዙ ቦታ ቢለቅስ ምን ይሁን የሚለውን አልጻፈም። ያንን እኔ ነኝ የምለው፤ ከተሳሳትኩ ደግሞ የሰው ራስ ይፈነከታል። ይህ ትርጓሜ አለመሆኑን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

፫. ይህኛው እንኳን ቅሬታ ሳይሆን ኑዛዜ ነው። ቀንቻለሁ። በመስታወት በተዘጋው የአቶ ይርዳው መደርደሪያ፣ በሩ ላይ ስሙ በተጻፈበት ሰሌዳ፣ ደርቆ በሚውለው ጫማው ሁሉ ቀንቻለሁ። በባጃጅ በቢሮው በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ሥልጠና ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ከደብተሬ የሚገለብጥ ሰው ነበር፤ አሁን እኔን እንደ ዳኛ ቆጥረው ያማክሩኝ የነበሩ ሽማግሌዎች ለእሱ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። እንቅልፍ የነሳኝ ደረጃው ሳይሆን ይኸ መነሳታቸው ነው።

፬. ሜትሩም አርጅቷል፤ አዲስ ይታዘዝልኝ።

ጊዜያችሁን ስላባከንኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ፍርዳችሁ እንደ ሚያዝያ ሜዳ የጠራ፣ እርሳሳችሁም የማይደንዝ ይሁን እላለሁ።

ሕግ የማይነካካት፣ ታዛዣችሁ
ሉሊት አበረ
ከቁሐር ሚካኤል

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው አቶ ይርዳው ደወለልኝ። እኔን ሳያስከትል ሄዶ ባሏ በሞተባት በወይዘሮ ውባንቺ ማሳ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወንዙ ሲዞር ጎረቤቷ አንለይ ግማሽ መሬቷን ይዞባት፣ የሽምብራ መዝሪያው ጊዜ ሊያልፍባት ሁለት ቀን ቀርቷታል። መጽሐፉን ይዟል፣ ገጹን ግን አላገኘውም። እውነት ለመናገር ስልኩን ልዘጋበት ፈልጌ ነበር፤ የውባንቺ ልቅሶ በስልኩ ሲሰማኝ ግን የወንዝ ድንበሩን አንቀጽ፣ መጽሐፉ ካልጻፈው ፍቺው ጋር በቃሌ ነገርኩት። እሷ ዛሬ እየዘራች ነው። ውሳኔው ላይ የፈረመው እሱ ስለሆነ፣ ስልክ ማንሳትም ሕግ መተርጎምን የማይጠይቅ ሥራ መሆኑን በምዘና ቅጼ ላይ እንድታሰፍሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።