ለሁሉም የደረሰው መርዶ

ሰኞ፣ ኅዳር 1

እዚህ ሰው አገር ያለው የእድራችን መዝገብ ዛሬም ላፕቶፔ ውስጥ ታስሮ ዋለ። የጃቫ ኮዱ አልቋል፣ ዳታቤዙም አልቋል... ክላውድ ላይ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ፣ መውጣት ብቻ ነው የቀረው። ሊቀመንበራችን ጋሽ ከተማ ደወሉ። «ሰው ሲሞት አንዴ ተጭነን ለሁሉም ስልክ መልእክት ይድረስ። አንድም ሰው እንዳይቀር!» እሺ ጋሼ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ጫንኩት። ገጹ ተከፈተ፣ ስም የሚባል ግን የለም! ዋንዴገያ ሰፈር ካፌ ተቀምጬ ግማሽ ቀን ፀጉሬን ነጨሁ። ለካ ዳታቤዙን አሁንም የሚፈልገው የኔው ላፕቶፕ ላይ ነው። አድራሻውን ቀየርኩ። 143 አባል ቁልጭ ብሎ መጣ። ራሴን ሮሌክስ፣ እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ፣ ጋበዝኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ምን ጉድ ነው! የአባላችን የወርቅውሃ እናት ትናንት ደሴ አርፈዋል። ሽማግሌዎቹ እሑድ ንጋት ሊያረዷት ተስማሙ። ጸሐፊው መሳይ አባላቱ እንዲገኙ ብሎ የመልእክቱን ቁልፍ ተጫነው። ለሁሉም ሄደ... ለወርቅውሃም! ኪቡሊ ዳገት ላይ፣ ቦዳ ሞተር ላይ ሆና አነበበችው። እኔ ስሞክረው መልእክቱ የራሴ ስክሪን ላይ ብቻ ነበር የሚወጣው። ማን እንደሚያነበው እንዴት አላሰብኩም?

ጋሽ ከተማ ጮኹብኝ። «መርዶ እንዲህ ይነገራል? ወግ አታውቂም?» አንድም ሰው እንዳይቀር ያልኩት እኔ ነኝ? እርሳቸው አይደሉም እንዴ! ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ... አፈርኩ። አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

በየአባሉ ስም ላይ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ጨመርኩ፦ «መርዶ ተነግሯል»። እሱ ምልክት ካልተደረገበት መልእክት አይወጣም። ጋሽ ከተማ «አሁን ሰው ሆንሽ» አሉኝ። ቆሽቴ አረረ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

የወርቅውሃ ለቅሶ ቤት፣ ሙቱንጎ። ጋሽ ከተማ ሰው ፊት ስለ ሳጥኑ ተናገሩ፤ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ነውር አይደገምም አሉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ወርቅውሃን ይቅርታ ልጠይቅ ስጠጋ እጄን ያዘች።

«ስልኬ ባይጮህ ቀብሯን አላይም ነበር። ዓርብ ወንድሜ በቪዲዮ አሳየኝ። ሽማግሌዎቹማ መርዶውን ለዛሬ ነው ያቆዩልኝ።»

«ልጄ፣ ወጋችን ነው» አሉ ጋሽ ከተማ።

«እናቴ ናት፣ ጋሼ!»

ወደኔ ዞረች። «ያንን ሳጥን ከኔ ስም ላይ አንሺልኝ። የኔ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለኔ ይድረሰኝ።»

ማንንም አላስፈቀድኩም። ላፕቶፔን አውጥቼ እዚያው ፍራሹ ላይ ሳጥኑን አነሳሁት። ላፕቶፑን ልዘጋ ስል ሌላዋ አባል እትዬ ቦጋለች ከጎኔ ተቀመጡ።

«የኔንም» አሉ።