በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ስምሽ

ውድ እትዬ፣

ሐውልትሽ ትናንት ቆመ። ይህን ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ጽሑፉን ያዘጋጀው አጎታችን ነው። ትምህርትሽን፣ ሥራሽን፣ ደግነትሽን፣ ምኑ ቅጡ፣ አንድ ገጽ ሙሉ ጠቅጥቆ ይዞ መጣ። «በራሷ ፊደል ይጻፍላት» ሲል ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ፊደል በፊደል እየሳልሽ የለፋሽበት ፎንት ከኮምፒውተርሽ ወጥቶ አደባባይ ውሎ አያውቅማ!

አትሜ ሳየው ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። ያ ወፍራም እግሩ እንደ ምሰሶ የቆመው፣ ቀጭን መስመሩ ፀጉር የሚያህለው፣ ጫፉ እንደ ምላጭ የሰላው ፊደልሽ ተጨናንቆ ሲጻፍ ቀጭኑ ሁሉ ጠፋ። ገጹ የእንጨት አጥር መሰለ። እማዬ ትንሽ ታገለችና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

«የልጄን ነገር ማንበብ አቃተኝ» አለች።

ድንጋይ ጠራቢውም መስመሩን በጥፍሩ ለካው። «እህቴ፣ በዚህ መጠን ከሆነ ይቺ ቀጭኗ ትሰበራለች። ብትተርፍም አቧራ ይደፍናታል። ላወፍርልሽ?»

ደሜ ፈላ። አንቺ «አወፍሪልኝ» ያለሽን ደንበኛ ሁሉ «እሱማ ሌላ ፊደል ነው» ብለሽ ነበር የምትሸኚው። ለእኔ ደግሞ፣ «ይሄ ፊደል ለረጅም ወሬ አይሆንም። ጥቂት ቃልና ሰፊ ቦታ ስጪው» ትዪኝ ነበር።

ማታውኑ ቤተሰቡን ሰብስቤ፣ «ስሟን ብቻ እንጻፍ፤ ድንጋዩን ሙሉ» አልኩ።

«ስም ብቻ?» አጎታችን ከወንበሩ ተነሳ። «ሰው ምን ይለናል? የሚነገርላት የሌላት አስመሰልሻት እኮ!»

ሁላችንም ወደ እማዬ ዞርን። ነጠላዋን አፍተለተለች።

«ልጄ ስትስቅ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር» አለች። «በትልቁ ይጻፍ።»

አጎታችን ተመልሶ ተቀመጠ። 

ጠራቢው ወፍራሙን በአንድ ቀን ጨረሰው። ቀጭኑ ላይ ሲደርስ ግን መዶሻውን አስቀምጦ መርፌ በምታህል መሮ ትንፋሹን ውጦ ይፍቅ ጀመር። ማየት አልቻልኩም፤ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። በኋላ ብቅ ብሎ ግንባሩን ጠረገና፣ «ቀጭኗ አልተሰበረችም» አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የተወለድሽበትንና ያረፍሽበትን ዓመት ከሥር በሌላ ፊደል ነው ያስቀረጽኩት፤ የፊደልሽን ቁጥሮች ሳትጨርሺ ሄደሽብኝ ምን ላድርግ? እኔ እጨርሳቸዋለሁ። እጄ እንዳንቺ አይደለም፣ ግን ቀጭኗን መስመር ማንም እንዲያወፍራት አልፈቅድም።

ትናንት እማዬ የመቃብር ስፍራው በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ስምሽ ከዚያ ማዶ ይታያል። ልጅ ሳለሽ ደጅ ስትጫወቺ ሲመሽብሽ ትጣራ እንደነበረው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠራችሽ።

ማናችንም ዝም በዪ አላልናትም።

ታናሽሽ