የሞት ሪሲቨርና የሥጋ ቤቱ ፍሪዘር

የእህቴ ልጅ፣ ምሕረቴ፣

በሞት ከተለየሽን እነሆ ሰባት ወር ሆነሽ። እናትሽ ደህና ናት፤ ነጭ ጋወንሽን ግን ለማንም አልሰጠችም፣ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። እኔ የዲሽ መጠገኛ ሱቄን ወደ መናኸሪያው አዛውሬያለሁ። ፊደልን ከጋዜጣ ቁራጭ የለቀመው አጎትሽ አሁን ደግሞ የላቦራቶሪ ደብተርሽን ያነባል። ሳቂ።

ሥራሽን ያስረዳሽኝ ቀን አይረሳኝም። ሴል ገላው ላይ «ሙት» የሚለውን ትእዛዝ የሚሰማበት ፕሮቲን አለው አልሽኝ። ሪሲቨር ነዋ! ብልሽ በሳቅ ሻይሽን ደፋሽው። ከዚያ ወዲህ ለሁለታችንም ስሙ የሞት ሪሲቨር ሆኖ ቀረ። ሴል ሲሞት ጎረቤቶቹ ለቅሶ ይደርሳሉ ወይ ብዬ ላሾፍብሽ ስጠይቅሽ፣ ኮስተር ብለሽ «ይደርሳሉ፤ ግን ሟቹን ይበሉታል» አልሽኝ። እኛ ሶዶዎች ንፍሮ ይበቃናል አልኩሽ።

ሪሲቨሩን ፈልጎ የሚጣበቅ፣ በተጣበቀበትም ቀለም ሲጨመር ቡናማ የሚያሳይ አንቲቦዲ የሚባል ፈሳሽ አዘዝሽ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ብልቃጧ ከጣቴ ጫፍ አትበልጥም! አንቺ በዴሳ ከተማ ስለነበርሽ እስከ ሰኞ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጥልኝ አልሽ። ቀጥሎ ያለውን ደብቄሽ ነበር። ቀዝቃዛ ከተባለ ይበልጥ ቢቀዘቅዝ ይሻላል ብዬ ሥጋ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ከተትኳት። ሰኞ ድንጋይ ሆና አገኘኋት። ወረቀቱን ያነበብኩት ያኔ ነው፤ በረዶ እንዳይሠራ ይላል። ብብቴ ውስጥ አቅልጬ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ሰጠሁሽ።

ለምርምርሽ ከካንሰር ዕጢ በተወሰደው ናሙና ላይ አንዳች ቡናማ አልወጣም። ደብተርሽ ላይ «የእኔ ስህተት ሳይሆን አይቀርም» ብለሽ ጻፍሽ። ሪሲቨሩ እንዳለበት የታወቀው ማመሳከሪያ ናሙና አልቆብሽ፣ አዲሱን ስትጠብቂ ታመምሽ። ያቺን መስመር ካነበብኩ ወዲህ በሥጋ ቤቱ ደጅ ማለፍ አቃተኝ። ልጅቷን በራሷ ላይ ያስፈረድኳት እኔ እሆን?

ባለፈው ሳምንት ለባልደረባሽ ለትግስት ሄጄ ተናዘዝኩ። «ጋሼ፣ ጉድ ሠርተውናል!» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ እኔ እንኳ ደንበኛ ሪሲቨሬ ሞተ ብሎ ሲመጣ በሚሠራ ዲሽ ሳልሞክር አልፈርድም አልኳት። አዲሱ ማመሳከሪያ ደርሶ ኖሮ በብልቃጧ በቀረው ፈሳሽ ሞከረችው። በማይክሮስኮፑ አሳየችኝ፤ ቡናማ! በረዶው ብልቃጧን አልገደላትም። ከዚያ ያንቺን ናሙና ደገመችው። ባዶ።

ትግስት ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳች። «ምሕረት አልተሳሳተችም» አለች። «እነዚህ ሴሎች ሪሲቨሩን አውልቀው ጥለውት ይሆናል።» ገና ተደጋግሞ መታየት አለበት ብላኛለች። ግን እኮ ምሕረቴ፣ የት ጣሉት? ማን አስተማራቸው? ትእዛዙን ላለመስማት ጆሮ ማውለቅ! እኔ ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ የማደርገውን! ይህን ሳልጠይቅሽ መቅረቴ ይከነክነኛል። ትግስትን በጥያቄ አሰልችቻት በሩን ልትዘጋብኝ ምንም አልቀራትም።

ፈቅዳልኝ ከመስመርሽ ስር «የእሷ ስህተት አይደለም» ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ፊደሌ እንደ ዶሮ ጭረት ነው፣ ቢሆንም ይነበባል።

ዕድሜሽን ሙሉ ጉድለትሽን ሰው ፊት እያነሳሁ ስቀልድብሽ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ ስምሽ በተነሳበት ሁሉ ልክ እንደነበርሽ እናገራለሁ፤ የእኔንም ጥፋት ሳልደብቅ።

አጎትሽ