በየማለዳው ስለሚሞተው ባትሪና ከሥራ ስለ ተሰናበተው ሾፌር

ድሬዳዋ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለክቡር የቆላ ጤና ጉብኝት መሥሪያ ቤት ዋና ሹም
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ «ባትሪ አባካኝ» ተብዬ ከሥራ የተሰናበትኩበት ውሳኔ እንደገና እንዲታይልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

፩. እኔ አመልካች ሽሬ ዐብዱላሂ በሚመሩት መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት በሾፌርነት አገልግዬ ጥቅምት ፲ ቀን ተሰናብቻለሁ። መንዳት የተማርኩት እንግሊዞች በነበሩበት ጊዜ ነው። መኪና ሲቆም ሾፌር ወርዶ ኮፈን ይከፍታል ብዬ ነበር የማውቀው። መኪና ሲቆም ኮሚቴ እንደሚሰበሰብ የተማርኩት በክቡርነትዎ አስተዳደር ነው፤ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

፪. የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ሁለት ዓመት ሙሉ ጧት ሲጠሩት አቤት የሚል መኪና ነበር። ካለፈው ሰኔ ወዲህ ግን ባትሪው ማታ ደኅና ገብቶ ጧት ሬሳ ሆኖ ይገኝ ጀመር። የተሽከርካሪ ክፍሉ አዲስ ባትሪ አስገባ፤ በሳምንቱ ሞተ። ሌላ አስገባ፤ እሱም ሞተ። ሦስተኛው በአራተኛው ቀን ወንድሞቹን ተከተለ። በዚህ ጊዜ «ሾፌሮች መብራት አጥፍተው ይውረዱ» የሚል ማስታወቂያ በበሩ ላይ ተለጠፈ። በመሥሪያ ቤቱ ያለሁት ሾፌር እኔ ብቻ ስለሆንኩ በብዙ ቁጥር መጠራቴን እንደ ማዕረግ ቆጥሬዋለሁ። መብራቱን ግን ድሮም አጠፋ ነበር።

መኪናውን በእጅ ማስነሻው ማኖቬላ አዙሬ ላስነሣው እንዳልል፣ ማኖቬላው እንዳይጠፋ ተብሎ በግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። በእርግጥም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

፫. በመስከረም መጀመሪያ ማንም ሳያዘኝ በሽታውን ልፈልግ ተነሣሁ፤ ለዚህ ድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያ የባትሪውን ክዳኖች ከፍቼ ውሃውን አየሁ፤ ሙሉ ነው። በሽቦዎቹ መያዣ ላይ የወጣውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃ አጥቤ አጠበቅሁ፤ ለውጥ የለም። መኪናውን አስገፍቼ ካስነሣሁ በኋላ ዲናሞውን ተመለከትኩ፤ በመሪው ፊት ያለው የቆጣሪው መርፌ ወደ ሙላት ይሄዳል። እንግዲህ ዲናሞው ያበላል፣ ባትሪውም ይበላል፣ ጧት ግን ርቦት ይገኛል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ሌባ ገብቷል ማለት ነው።

ሌባው የሚያዝበት መንገድ ቀላል ነው። ሁሉን አጠፋሁ፤ ቁልፉን ነቀልኩ፤ ከባትሪው አንዱን ሽቦ ፈትቼ በሽቦውና በባትሪው መካከል ትንሽ አምፖል አገባሁ። በመኪናው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ነገር ከሌለ አምፖሉ ሊበራ አይገባም። በራ። የፊት መብራቱን ቫልቮላ፣ ማለትም ፊውዙን፣ ነቀልኩ፤ የጥሩንባውን ነቀልኩ፤ የዝናብ መጥረጊያውን ነቀልኩ። አምፖሉ አሁንም በርቷል። በመጨረሻ፣ ከሌሎቹ ሽቦዎች ተለይቶ በቀጥታ ባትሪው ላይ የታሰረ አንድ ቀይ ሽቦ አየሁ። ፈታሁት። አምፖሉ ጠፋ።

ሽቦውን በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ። በወለሉ ምንጣፍ ሥር አልፎ ከፊት ወንበር ኋላ ወዳለው፣ ወደ ተቆለፈው የእንጨት ሳጥን ገባ። ሽቦውን መልሼ አስሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ በማግሥቱ ማለዳ መጣሁና ጆሮዬን በሳጥኑ ላይ ደቀንኩ፤ እንደ ንብ ቀፎ ያንጎራጉራል። እጄን አሳረፍኩበት፤ ይሞቃል። በድሬዳዋ የማይሞቅ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው፣ እንደሚያውቁት፣ በሰኔ ወር የተተከለው የክቡርነትዎ ሬዲዮ ነው።

፬. የሳጥኑ ቁልፍ ያለው በጸሐፊዎ በአቶ ወልደጻድቅ እጅ ስለሆነ ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ «የክቡርነታቸው ሬዲዮ ባትሪ አይበላም፤ ዜና ነው የሚያወራው» አሉኝ።

«ክቡርነታቸው ከመኪና ሲወርዱ ያጠፉታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«የመንግሥት ዜና እየተነገረ በአፉ ላይ አይዘጋም፤ ነውር ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ሳጥኑን እቆልፋለሁ።»

«ታዲያ ማን ይሰማዋል?»

«መሰማቱ የአንተ ሥራ አይደለም፤ ሽቦውንም እንዳትነካ፤ አንተ ንዳ» አሉኝ።

ሽቦውም በቀጥታ ባትሪው ላይ የታሰረው ቁልፍ ሲነቀል ዜናው እንዳይቋረጥ ተብሎ በትእዛዝ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ። ስለዚህ ሬዲዮው ቀንም ሌትም ለባዶ መኪና ዜና ያነባል፤ ባትሪው ደግሞ እስኪሞት በታማኝነት ያዳምጣል። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ሦስት ጊዜ መቀየሩ ያሳዝናል።

ነገሩን በጽሑፍ ለክፍሉ አቀረብኩ። ሾፌር ስለ ሬዲዮ አስተያየት ሊሰጥ አይችልም ተብሎ የሬዲዮ ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው ሬዲዮውን ከፍቶ፣ አዳምጦ፣ «በጣም ደኅና ይሠራል» ሲል ፈረመ። ለባትሪውም ባለሙያ መጣ፤ «ባትሪው አዲስ ነው፤ ጉድለት የለውም» ሲል ፈረመ። ሬዲዮው ደኅና፣ ባትሪው ደኅና፣ መኪናው ደኅና ሆኖ ሲገኝ፣ ያልተፈረመለት አንድ ዕቃ ብቻ ቀረ። እሱም እኔ ነኝ።

፭. ጥቅምት ፫ ቀን ከአዋላጅዋ ከወይዘሮ ሰምሰም ጋር ለጉብኝት ወደ መልካ ጀብዱ ሄድን። ክቡርነትዎ በዚያ ቀን ስብሰባ ላይ ስለነበሩ አልመጡም፤ ሬዲዮዎ ግን መጥቷል። ጧት የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ገፍተው ነበር ያስነሡልኝ። መልካ ጀብዱ እንደደረስን ሁለት ቀን ምጥ ላይ የቆየች ዑግባድ የምትባል ሴት ዘንድ ጠሩን። ወይዘሮ ሰምሰም ወደ ውስጥ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ወጡና፣ «ሽሬ፣ ቶሎ! እዚህ የምችለው አይደለም፣ ሐኪም ቤት እናድርሳት» አሉኝ። ሴትየዋን በቃሬዛ አምጥተው ከኋላ መቀመጫው ላይ አስተኟት።

ቁልፉን አዞርኩ። ጭጭ አለ። ደግሜ አዞርኩ። ከኋላዬ የሴትየዋን ድምፅ እሰማለሁ፤ ከወንበሬ ጀርባ ደግሞ የሳጥኑን ማንጎራጎር እሰማለሁ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት በልቤ ያልኩትን በዚህ ወረቀት ላይ አልጽፈውም።

ወርጄ አጠገባችን ባለው ገበያ መካከል ቆሜ ጮህኩ። ሽንኩርት የሚሸጡት ሽንኩርታቸውን ጥለው መጡ። ግመል ይዞ ያልፍ የነበረ ሽማግሌ የግመሉን ገመድ ለማያውቀው ሰው አስይዞ መጣ። ሴቶችም ገፉ። «ሪሕ! ሪሕ!» እያሉ፣ በአማርኛ «ግፉ! ግፉ!» ማለት ነው፣ አቧራ እየዋጡ እስከ መንገዱ ቁልቁለት ድረስ ገፉኝ። እዚያ ላይ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት፣ ሞተሩም ተነሣ። ሐምዱሊላህ አልኩ። ሐኪም ቤት ሳንደርስ፣ ከተማው መግቢያ ላይ፣ በክቡርነትዎ መቀመጫ ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ። ለረጅም ጊዜ አላለቀሰም። ወይዘሮ ሰምሰም «ንዳ፣ ወደ ኋላ አትዙር!» ሲሉኝ ነዳሁ፤ አልዞርኩም። የባቡር ጣቢያውን ስናልፍ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ መንገዱ ታየኝ ብል ውሸት ነው። እናቲቱ ሐኪም ቤት አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ዳነች። ልጁን ዋርሳሜ አሉት፤ በቋንቋችን በሶማሊኛ መልካም ዜና ማለት ነው። ሬዲዮው ይህንን ዜና አላነበበም።

፮. በሳምንቱ ኮሚቴው ሦስት ጥፋት አገኘብኝ። አንደኛ፣ ባትሪ አባክኛለሁ። ሁለተኛ፣ የመንግሥትን ንብረት ያለ ፈቃድ በሕዝብ አስገፍቻለሁ። ሦስተኛ፣ የክቡርነትዎን መቀመጫ አስበክያለሁ። ስለ ሦስተኛው ክርክር የለኝም። ልጁም አይካድም፤ ሲወለድ ፈቃድ አልጠየቀም።

፯. በእኔ ቦታ አብዲራህማን ሙመድ የሚባል ሾፌር ጥቅምት ፲፫ ቀን ተቀጠረ። በሦስተኛው ቀን መጋላ ሰፈር ካለው ቤቴ መጣና፣ «ሽሬ ወንድሜ፣ እውነት ንገረኝ፤ ይህ መኪና ጂን አለበት እንዴ?» አለኝ። «ጂን የለበትም፤ ሬዲዮ አለበት» አልኩት። ማታ ሲያቆም የባትሪውን አንድ ሽቦ እንዲፈታ፣ ጧት መልሶ እንዲያስር ነገርኩት። እንዳልኩት አደረገ። ይኸው ሃያ ስምንት ማለዳ መኪናው አንድ ቀን እንኳ ሳይገፋ ተነሥቷል። ሬዲዮውም አልሞተም።

ደስ ብሎኝ ሳላበቃ ባለፈው ሳምንት አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሄጄ በዓይኔ አነበብኩት፦ «ሾፌር ሽሬ ዐብዱላሂ ከተሰናበተ ወዲህ ባትሪው ደኅና ስለሆነ ጥፋቱ የእርሱ እንደነበር ተረጋግጧል።» እኔው ባዘዝኩት መድኃኒት እኔው ተፈረደብኝ። አሁን የጭነት መኪና ካላቸው ነጋዴዎች ዘንድ ሥራ ስጠይቅ «ባትሪ አባካኙ አንተ ነህ?» ይሉኛል። በዚህ ምክንያት መሪ የጨበጥኩበት እጅ ባቡር ጣቢያ ጆንያ ያወርዳል።

፰. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) «ባትሪ አባካኝ» የሚለው ቃል ከመዝገቤ እንዲሰረዝልኝ፤

ለ) ሬዲዮው እንዲነሣ አልጠይቅም፤ ያን ያህል አልደፈርኩም። ቀዩ ሽቦ ከባትሪው ላይ ተነሥቶ በመኪናው ቁልፍ በኩል እንዲያልፍ ይፈቀድ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ እኔ በነፃ እሠራዋለሁ፤

ሐ) ማኖቬላው ከግምጃ ቤት ወጥቶ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ መጥፋቱን ሳይሆን ጥቅሙን ብናስብ ይሻላል፤

መ) የሾፌር ቦታ አንድ ብቻ ከሆነ አብዲራህማን ይቀመጥበት። በሐቀኛ ሰው እንጀራ ላይ አልመጣም። ለእኔ ንጹሕ የምስክር ወረቀት ይበቃኛል።

ይህን ጽሑፍ የአብዲራህማንን ስም ሳልጠቅስ ልልከው ነበር፤ ያለ ፈቃድ ሽቦ ፈታ ተብሎ እንዳይባረር ፈርቼ። አንብቤለት ስሙ እንደሌለበት ሲሰማ ተቆጣኝ። «በአንተ ብልሃት እኔ ስመሰገን፣ በአንተ ስም ላይ ያ ወረቀት ተለጥፎ በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ። ጻፈው፤ እኔም እፈርማለሁ» አለ። እምቢ ብለውም አልሰማኝም። ቁጣ ካለ በእኔ ላይ ይሁን ብዬ ክቡርነትዎን እለምናለሁ።

ኮፈኑን ራስዎ ከፍተው ለሚያዩባት ቀን ከወዲሁ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ሽሬ ዐብዱላሂ
(ፊርማ)

ከላይ በተራ ቁጥር ፯ የተጻፈው እውነት ነው። ሽቦውን ማታ ማታ የምፈታው፣ ጧት ጧት የማስረው እኔ ነኝ። ብልሃቱ የሽሬ ነው። ዛሬ ማታ ግን አልፈታውም፤ ነገ ማለዳ ክቡርነትዎ መጥተው ቁልፉን በራስዎ እጅ ያዙሩት።

አብዲራህማን ሙመድ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር
(ፊርማ)